ግማሿ የመንግሥት የሆነች ጉማሬ

የጡረታ ጉዳዬን ለማስጨረስ ሆሳዕና ወረፋ ይዤ መስኮቱ ጋ ስደርስ፣ የተቀመጠችው ልጅ ቀና ሳትል "አባባ፣ የሥራ መደብዎ ምን ነበር?" አለችኝ።

"ጉማሬ ጠባቂ።"

ብዕሯን አስቀመጠች። "ይድገሙልኝ?"

ደገምኩላት። ዞር ብላ ጓደኛዋን ጠራች፤ "ነይ ስሚ፤ እኚህ አባት ጉማሬ ነበር የሚጠብቁት!" ጓደኛዋ መጥታ ከእግር እስከ ራሴ አየችኝ። የታያት ቀጭን፣ ከዘራውን ተደግፎ እንኳን የሚንገዳገድ ሽማግሌ ነው። "ከምን ነበር የሚጠብቁት አባባ?" አለችኝ።

በሥራ ዘመኔ ሁሉ አንድም አለቃ ይህን ጠይቆኝ አያውቅም። "ከሰው" ብያት ፈርሜ ወጣሁ። ግን መልሴ ጎዶሎ መሆኑ ደጁ ላይ ሳልደርስ ታወቀኝ። ይህን የምጽፈው ለዚያች ልጅ ቀሪውን ለመንገር ነው።

እኔ የዳምቦያ ልጅ ነኝ። በጃንሆይ ዘመን የመንግሥት የአደን ቁጥጥር ክፍል ሰው ሲፈልግ የተቀጠርኩት ለእንስሳት ባለኝ ፍቅር አይደለም። ውሻ እፈራለሁ። ዶሮም ብትሆን ፊት ለፊት ካየችኝ መንገድ እለቅላታለሁ። የተቀጠርኩት በሚስዮን ትምህርት ቤት የተማርኩት የእጅ ጽሕፈቴ የሚያምር ስለነበረ ነው። ሆሳዕና የነበረው ቢሯችን አንዲት ክፍል ነበረች፤ ውስጧ አንድ ጠረጴዛና አንድ እግሩ የጎደለ ወንበር። ወንበሩ የኔ ነበር።

አለቃችን ባላምባራስ ጌጤ ይባላሉ። ከሰሜን የመጡ፣ ጢማቸውን የሚያሳምሩ፣ ልባቸው የማይከፋ፣ ግን ጩኸት የሚወዱ ሰው ናቸው። የአራዊት ጥበቃ ትእዛዝ ሲያነቡልን በየአረፍተ ነገሩ ጠረጴዛውን በአለንጋ ይመቱት ነበር፤ "ጉማሬን መግደል!" ጧ! "ያለ ፈቃድ!" ጧ! "ክልክል ነው!" ጧ! አለንጋው ከጉማሬ ቆዳ የተሠራ ነው። ያኔ ዳኛውም፣ የትምህርት ቤት ዳይሬክተሩም፣ የባለርስቱ ምስለኔም ያለ ጉማሬ አለንጋ ከቤቱ አይወጣም። አንድ ጉማሬ ስንት አለንጋ እንደሚወጣው አላውቅም፤ በአውራጃው ያለው አለቃ ከጉማሬው እንደሚበልጥ ግን ማንም ያውቃል።

መጀመሪያ የተላክሁት ወደ ዶዮገና ነው። እዚያ ሥራዬ በጥድና በኮሶው ጫካ ያሉትን ጉሬዛዎች መጠበቅ ነበር፤ ቆዳቸው ለሳሎን ምንጣፍ ይፈለግ ነበርና። እንደ ደረስኩ አንድ ገበሬ እንሰቱን ጉማሬ በላብኝ ብሎ ከሰሰ። ዶዮገና ደጋ ነው፤ ጉማሬ የሚነከርበት ቀርቶ ዳክዬ የምትዋኝበት ውሃ የለም። ቢሆንም ብዕሬን ይዤ ተራራውን ወጣሁ። የእንሰቱን ሥር አገላብጬ ሳየው የፍልፈል ሥራ ነው።

"ይሄ እኮ ፍልፈል ነው" አልኩት። "ጉማሬ አይተሃል?"

"አላየሁም" አለ ሳያፍር። "ፍልፈል ብዬ ብከስስ ግን አንተ ትመጣ ነበር?"

ቀጥሎ ጃጁራ ገበያ ላይ ቆዳ ተቆጣጣሪ ሆንኩ። ስሜ ከእኔ ቀድሞ ገበያው ይደርስ ነበር፤ ስደርስ ቆዳ ነጋዴው ሁሉ ቅቤ ነጋዴ ሆኖ ይጠብቀኛል። አንዱን ብቻ፣ የነብር ቆዳ ላይ ተቀምጦ፣ ጅራቱ ከስሩ ብቅ ብሎ ደረስኩበት። "ተነሥ" ስለው "ወገቤን ያመኛል፣ መነሣት አልችልም" አለኝ። እኔም ሲነሣ ልይዘው አጠገቡ ተቀመጥኩ። ስለ ዝናቡ አወራን፣ ስለ አማቾቹ አወራን፣ ቆሎ አካፈለኝ። ገበያው ተበትኖ ሰው ሲያልቅ ተስፋ ቆርጬ ተነሣሁ። ጥጉን ሳልታጠፍ ዘወር ብል፣ ወገቡን የሚያመው ሰው ቆዳውን በብብቱ አድርጎ እንደ ፈረስ ይጋልባል።

ባላምባራስ ይህን ሲሰሙ "አንተን ከሰው ማራቅ ይሻላል" ብለው ወደ ቦዮ ሐይቅ ላኩኝ። ሰው መሆን የጀመርኩት እዚያ ነው ማለት እችላለሁ። እዚያ ባሻ ዘለቀ ነበሩና።

ባሻ በጎልማሳነታቸው አዳኝ የነበሩ፣ ዓይናቸው ሲደክም ጠባቂ የሆኑ ሽማግሌ ናቸው። "መሳት ስጀምር ማዘን ጀመርኩ" ይሉ ነበር። በኪሳቸው አመድ የተቋጠረባት ጨርቅ አትጠፋም። ሐይቁ ዳር ስንደርስ ቆንጠር አድርገው ወደ ላይ ይበትናሉ። አመዱ ወደ ውሃው ከነፈሰ፣ ጠረናችን ቀድሞን ደርሷልና ዞረን በማዶ እንመጣለን፤ ወደ ፊታችን ከነፈሰ ቁጭ እንላለን። የጉማሬን መንገድ ከከብት መንገድ የሚለዩትም እንደ ቀልድ ነው፤ ሆዱ ሰፊ ስለሆነ ግራና ቀኝ እግሩ ለየብቻ ቦይ ያወጣል፣ መካከሉ ላይ ሣር ይቀራል፣ ልክ ጋሪ ያለፈበት ይመስላል።

በመጀመሪያው ጠዋት "ቁጠር" አሉኝ። በየቦታው ብቅ ያለውን ጭንቅላት ሁሉ ቆጥሬ በኩራት ሃያ ምናምን አልኳቸው። ባሻ ሳቁ።

"አንዷን ስንት ጊዜ ቆጠርካት? እዚህ ጠልቃ እዚያ ስትወጣ ሌላ ሆነችልህ? ጭንቅላት አትቁጠር ልጄ። ጆሮ እይ፤ የሁሉም ጆሮ ጠባሳው ለየብቻ ነው። ደግሞ አንድ ቦታ ዓይንህን ተክለህ ትንፋሽ ስማ።"

እንዳሉኝ ብቆጥር ጉማሬው ሁሉ ተሰብስቦ የአንድ እጅ ጣት አልሞላ አለ። በአውራጃው በአንድ ጠዋት የእኔን ያህል ጉማሬ ያጠፋ ሰው የለም።

በእኛ በኩል የምትውለው ግራ ጆሮዋ የተቀደደ ትልቅ እናት ነበረች። ባሻ "እሜቴ" ይሏታል፤ ስለ እሷ የሚያወሩትም እንደ ባለርስት ወይዘሮ ነው። "እሜቴ ዛሬ ከፍቷቸዋል፤ እሜቴ ጥጃቸውን ይዘው ወጥተዋል።" እኔም ለምጄ እስከ ዛሬ አንቺ ማለት አልሆንልኝ አለ። አንድ ልማዳቸው ግን አይገባኝም ነበር። ቆጠራው ሲያልቅ ባሻ ጓል ያነሡና እሜቴ አጠገብ ይወረውራሉ፤ "ሂጂ! ጥፊ! አስቀያሚ!" ብለው ይሳደባሉ። እሜቴ ሲጠልቁ ባርኔጣቸውን አንሥተው "ይቅርታ እሜቴ" ይላሉ። እድሜ ነው ብዬ አልፌው ነበር።

በዚያ ዓመት የሐይቁ ዳር ሣር እስከ ውሃው አፍ ታርሶ በቆሎ ተዘራበት። እሜቴ እናታቸውም አያታቸውም ይግጡበት የነበረ ሣር በቆሎ መሆኑን ማን ይንገራቸው? አንድ ከሰዓት አቶ ሻሜቦ የሚባሉ ገበሬ፣ ጦራቸውን ይዘው፣ ሁለት ሽማግሌ ጎረቤቶቻቸውን አስከትለው መጡ። ባሻ በዚያ ቀን አልነበሩም።

"አንተ የመንግሥት ልጅ!" አሉኝ። "አውሬህ በቆሎዬን አጋድማዋለች። ዛሬ እገድላታለሁ። ልነግርህ ብቻ ነው የመጣሁት።"

ጦሩን እያየሁ ሕግ ልጥቀስ ብል ምላሴ ተሳሰረ። ከአፌ የወጣው ከልጅነቴ የማውቀው የከብት ወግ ነው። በእኛ አገር ላም የተረፈው ሰው ላሙን ለሌላ ሰው በርቢ ይሰጣል፤ የተቀበለው ያረባታል፣ ጥጃዋን እኩል ይካፈላሉ።

"አቶ ሻሜቦ" አልኩ፣ "አውሬ አይደለችም። የመንግሥት ላም ነች። መንግሥት ደግሞ... ለእርስዎ በርቢ ሰጥቶዎታል።"

ጎረቤቶቻቸው ተያዩ። ይስቃሉ ብዬ ስጠብቅ አቶ ሻሜቦ ጦራቸውን መሬት ላይ ተከሉት።

"ወተቷስ?"

"ማለብ ከቻሉ የእርስዎ ነው።"

"እበቷስ?"

"ሙሉ በሙሉ የእርስዎ።"

"ጥጃዋስ?"

"እኩል።"

ከሽማግሌዎቹ አንዱ ጉሮሮውን ጠራረገ። "ብትሞትስ?"

"እንደ ደንቡ ነዋ" አልኩ። "አርቢው ቆዳዋን ለባለቤቱ ያቀርባል፤ ሸጦ በላት እንዳይባል።"

አቶ ሻሜቦ እጃቸውን ዘረጉልኝ። በሁለት ምስክር ፊት ተጨባበጥን። አንድ ሺህ ኪሎ የምትመዝን ላም ይዘው ወደ ቤታቸው ሄዱ።

ቀልድ መሆኑን አውቀው ይሆን ብዬ ስንት ጊዜ አስቤያለሁ። አውቀው ነበር እላለሁ። ነገር ግን ቃል በምስክር ከተሰጠ፣ ቀልድ ነበር ብሎ ነገር የለም። በሳምንቱ በበቆሎው ዙሪያ ቦይ ቆፈሩ፤ ጉማሬ ቦይ መሻገር እንደማይሆንለት ያውቃሉና፣ "ላሙ ሰው እርሻ የገባችበት አርቢ መባል አልፈልግም" አሉ። ዳር ዳሩን ለእሷ ብለው ሣር ተዉ። ስም ለማውጣት ጦር ይዘው የመጡ ጎረምሶችን "በሰው ላም ገዳይ ልትባሉ ነው?" ብለው አዋረዱና መለሷቸው። አንድ እሑድ በጸሎት ቤት "ለላሜ ጸልዩልኝ፣ ጥጃዋን አሟታል" ብለው ሰባኪው "የትኛዋ ላም?" ቢላቸው "ውሃ ውስጥ ያለችው" ብለዋል አሉ። ሰባኪውም ጸለየ።

ባለቤታቸው ደግሞ ባሰችባቸው። በየማለዳው ዱባና ጨው ይዛ፣ መዝሙር እየዘመረች ወደ ውሃው ትወርዳለች። እሜቴ መዝሙሩን ሲሰሙ ጥጃቸውን አስከትለው ብቅ ይላሉ። ባላምባራስ ሳይቀሩ ሰው አስከትለው መጥተው አዩ፤ "ጥበቃ ማለት ይሄ ነው!" ብለው ጀርባዬን ቸብ አደረጉኝ። እኔም ተነፋሁ። ዶሮ የምፈራው ሰው ጉማሬ ያላመድኩ ሆንኩ።

ባሻ ብቻ አልሳቁም። "ይሄ ርኅራኄ አይደለም" አሉኝ። "ሁሉም ሰው ሻሜቦ ነው ብለው እሜቴ እንዲያምኑ እያስተማራችኋቸው ነው።"

"ጓል እየወረወርን እንጠብቃቸው ታዲያ ባሻ?" ብዬ ቀለድኩባቸው።

"አዎ" አሉ።

ከዚያ ከላይ የአደን ፈቃድ የያዘ እንግዳ መጣ። ጠመንጃው የሚያብረቀርቅ፣ ቦት ጫማው አዲስ፣ ማኅተሙ ሙሉ። ባላምባራስ ወረቀቱን ገለባብጠው አዩትና፣ "ፈቃድ ፈቃድ ነው፤ አንተ ምራው" አሉኝ። በዚያ ጠዋት ባሻ ታመው ተኝተው ነበር።

እኔም ክፋቴን አዘጋጀሁ። እንግዳውን ነፋሱ ከጀርባችን እንዲሆን አድርጌ በረግረጉ በኩል መራሁት። ጭቃው አንድ ቦት ጫማውን ዋጠው። አዞ አለ ብዬ ዛፍ አስወጣሁት። ቦዮ አዞ የለም። ደክሞት ሊመለስ ምንም አልቀረውም። ግን ከቄጠማው ወጣ ስንል ውሃው ፊት ለፊታችን ገላጣ ሆነ፣ እሜቴም ከሩቅ ታዩ።

ላስጠነቅቃቸው ፈለግሁ። መጮህ አልችልም፤ ሥራዬን ያሳጣኛል። ሳልኩ። በአፍንጫዬ ተናፈጥኩ። አልጠለቁም። በመጨረሻ እንዳማረው ሰው መዝሙር ጀመርኩ፤ ድምፄ እንደ ድስት ክዳን ነው፣ በዚህ ይደነግጣሉ ብዬ ነበር። እሜቴ ጆሮአቸውን አራገፉ። ዞሩ። ድምፄን ከፍ ባደረግሁ ቁጥር ቀረቡ። የሻሜቦ ሚስት የምትዘምረው መዝሙር መሆኑ የገባኝ ውሃው ደረታቸው ላይ ሲደርስ፣ ዱባውን ፍለጋ አፋቸውን ከፈት ሲያደርጉ ነው። አፌን ያዝኩ። ግን መጥተዋል።

ተኩሱ አንድ ጊዜ ነበር።

ስለዚያ ቀን ሌላ የምጽፈው የለኝም። ከዚያ ወዲህ በጸሎት ቤት ሌላው ሲዘምር እኔ ከንፈሬን ብቻ አንቀሳቅሳለሁ። ሰው በድምፄ ያፈርኩ ይመስለዋል።

እንግዳው ጥርሱን ወሰደ። ቆዳው ሆሳዕና ገባና ተቀደደ፣ ተገመደ፣ በየቢሮው ተበተነ። ከወር በኋላ አቶ ሻሜቦ ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰው፣ ሁለቱን ምስክሮቻቸውን ይዘው ቢሯችን ገቡ። እኔ ባለ ሦስት እግር ወንበሬ ላይ ነበርኩ።

"ጌታዬ" አሉ ባላምባራስን፣ "ላሜ ሞታለች። ቆዳዋን ለባለቤቱ ላቀርብ ነው የመጣሁት።"

"ባለቤቱ ማን ነው?"

"መንግሥት።"

ባላምባራስ ወደ እኔ አፈጠጡ። ወንበሩ ወደ ጎደለው እግር ዘመም አለብኝ። በተቻለኝ ሁሉ ስለ ርቢው ነገርኳቸው። ይጮሃሉ ብዬ ጠበቅሁ፤ ጢማቸው ተንቀጠቀጠ እንጂ አልጮሁም።

"እሺ" አሉ። "ቆዳው የታለ?"

"እሱን ነው የምጠይቀው" አሉ አቶ ሻሜቦ። "አልበላኋትም፣ አልሸጥኳትም። ቆዳዋን ካላቀረብኩ ሌባ እባላለሁ። ቆዳዋን ስጡኝና ላቅርብላችሁ።"

የአምስታችንም ዓይን ሳንስማማ ወደ አንድ ቦታ ሄደ፤ ጠረጴዛው ላይ ወዳለው፣ ገና ሽታው ወዳልለቀቀው አዲስ አለንጋ። ባላምባራስ ቀስ ብለው አነሡት። ለመጀመሪያ ጊዜ ምንም ሳይመቱበት።

"ይኸው" አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። "ይሄ ከእሷ ነው።"

አቶ ሻሜቦ ተቀበሉት፣ በጣታቸው ዳሰሱት፣ ከዚያ በሁለት እጃቸው ይዘው መልሰው አቀረቡላቸው። "ላምዎ ሞታለች። ይኸው ቆዳዋ።"

"አይቻለሁ" አሉ ባላምባራስ። "ነጻ ነህ። አለንጋውንም ውሰደው። ጥጃዋንም ውሰዳት፣ ሙሉዋን ላንተ ሰጥቻለሁ። በቃ ሂድልኝ።"

"አይሆንም ጌታዬ።"

"ምን አይሆንም?"

"ድርሻዬ እኩሌታ ነው። ሙሉውን ብወስድ መንግሥትን ሰረቅሁ። ግማሿ የእርስዎ፣ ግማሿ የኔ።" ጋቢያቸውን አስተካከሉና ቀጠሉ፤ "የሚተኩስ ፈቃድ ሲጠይቅዎ ግን በግማሽዎ ላይ ነው የሚፈቅዱት። የኔን ግማሽ መጥቶ እኔን ይጠይቅ።"

አንደኛው ምስክር "እውነት ነው፤ ደንቡ ነው" አለ። ባላምባራስ ጣሪያውን አዩ፣ እኔን አዩ፣ በሩን አዩ። "ያለ ሻሜቦ ፈቃድ አይተኮስባትም" አሉ በመጨረሻ፣ በምስክሮቹ ፊት። ቃል ወጣ። እሳቸው ቦታውን እስኪለቁ ድረስ በቦዮ ጉማሬ ላይ ፈቃድ የፈረሙበትን ቀን አላየሁም። አለንጋም አልያዙም፤ ጠረጴዛውን በመዳፋቸው እየመቱ፣ እጃቸውን እያሻሹ ነው ትእዛዝ የሚያነቡት።

የቀረው ጥጃዋ ነች። እናቷ እንደሞተችም ሰው ሲመጣ ብቅ ማለት አልተወችም። ባሻ ከአልጋቸው ተነሥተው፣ አመዳቸውን ይዘው መጡ። "እንግዲህ ገባህ?" አሉኝ። ገባኝ። አቶ ሻሜቦ ሚስታቸውን መዝሙሯን ቤቷ እንድትዘምር ለመኑ፤ አለቀሰች፣ ግን እሺ አለች። ከዚያ ሦስት ትልልቅ ሰዎች በየጠዋቱ ሐይቁ ዳር ቆመን ያቺን ምስኪን መስደብ ጀመርን። አቶ ሻሜቦ ከባላምባራስ የተቀበሉትን የእናቷን አለንጋ በአየር ላይ ያጮኹታል። ባሻ ጓል ይወረውራሉ። እኔ ቆርቆሮ እደበድባለሁ። "ጥፊ! ቀፋፊ! ሂጂ ከዚህ!" መጀመሪያ እያየችን ቆመች። ዱባ የት አለ እንደማለት አፏን ከፈተች። አቶ ሻሜቦ ፊታቸውን አዙረው አለንጋውን አጮኹት።

ብዙ ጊዜ ፈጀ። አንድ ጠዋት ገና ከሩቅ ስታየን ጆሮዋ ቀጥ አለ፣ ጠለቀች፣ ማዶ ቄጠማው ውስጥ ከቀሩት ጋር ወጣች። ባሻ ባርኔጣቸውን አነሡ። "ይቅርታ እሜቴ" አሉ። ማዕረጉ ለልጅቱ ተላለፈ።

ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ወደ ቦዮ ወረድኩ። ባሻም አቶ ሻሜቦም ዛሬ የሉም። የሻሜቦ ልጅ፣ ራሱም የሸበተ፣ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የደረቀ አለንጋ አሳየኝ። ሐይቁ አንሷል፣ እርሻው ገፍቷል። ጉማሬ አለ ወይ ብለው ጥቂት ሰዎች ይከራከራሉ።

"አባባ" አለኝ ልጁ፣ "የአሁኑ መንግሥት ግማሿ የሱ እንደሆነች ያውቃል?"

"አያውቅም።"

"እባክዎ አይንገሩት።"

እሺ ብዬው ወደ ውሃው ወረድኩ። አመድ ይዤ ነበር፤ በተንኩት፣ ፊቴ ላይ ተመለሰ፣ አስነጠሰኝ። በማስነጠሴ ከቄጠማው ሥር ሁለት ጆሮዎች ቀጥ አሉ። አረጁ፣ ጠባሳቸውን ግን አወቅሁት። ሰላም ልል እጄን አነሣሁ። አንዴ ብቻ አየችኝና፣ እንደ ጠላቷ፣ እንደ ቀፋፊ ነገር፣ ፉፍ ብላ ጠለቀች። በአርባ ዓመት አገልግሎት እንዲህ ያለ ምስጋና አግኝቼ አላውቅም።

ባርኔጣዬን አንሥቼ፣ እንደ ደንቡ፣ ይቅርታ ጠየቅኋቸው።